የእትዬ ሰብሌ እንግዶች

ልጄ ጥበብ ስምንት ዓመቷ ነው። ፈረንሳይኛን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ጎረቤቶቼ ይህን ያውቃሉ፤ ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ የመብራት ደረሰኝ ያልገባው፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያድስ ሰው ሁሉ በራችንን ያንኳኳና «እስቲ ጥበብን ለአንድ ሰዓት አውሺኝ» ይላል። አላውስም። «ልጇን እንደ ብርጭቆ ደብቃ ታሳድጋለች» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይበሉ። እኔ በሬን ሁለቴ የምቆልፍ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ከዘገየች በሐሳቤ ሬሳ ክፍል ድረስ ሄጄ የምመለስ ሴት ነኝ። ሌላው ጭንቀቴ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ይሄኛው ግን ምክንያት አለው። እኔን አውሰውኝ ያውቃሉ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ዓለምሰገድ ዶራሌ ወደብ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። አያቴ በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚሁ የቀሩ ስለነበሩ አባቴ የዚህ አገር ልጅ ነበር። እናቴ ውብነሽ ግን በጋብቻ ከአዋሽ የመጣች ናት፤ በቲማቲም ዋጋ የምትከራከርበት ያህል ሶማልኛ ነበራት፣ ፈረንሳይኛ አልነበራትም። ታናሽ እህቷ ሰብለወርቅ ተከትላት መጥታ፣ ካርቲየ 1 ውስጥ አንዲት ክፍልና ጠባብ ግቢ ተከራይታ፣ ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ትኖር ነበር። እኔ እትዬ ሰብሌ እላታለሁ።

ግቢዋ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ከተማው በሙሉ በሙቀት ሲነድ እዚያ ግን ሳሙና ሳሙና የሚሸት ቅዝቃዜ አለ። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረው ሽቦ ላይ የወንዶች ሸሚዞች እጃቸውን አንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፤ እኔ በመሐላቸው እሮጣለሁ። የአንዱ ሸሚዝ ከሌላው እንዳይቀላቀልባት በየኮሌታው ውስጥ ባለ ቀለም ክር ሁለት ጊዜ ትሰፋበታለች። ቀይ የባንኩ ሰውዬ ነው፣ ቢጫ የፋርማሲው ባለቤት፣ አረንጓዴ የፍርድ ቤቱ ዳኛ። እኔ ክሩን አይቼ ባለቤቱን በመጥራት አንደኛ ነበርኩ።

እንግዶቿንም እወዳቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁለትም ሦስትም ሆነው ይመጣሉ፤ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከከሚሴ። ከንፈራቸው የተሰነጣጠቀ፣ ጫማቸው አቧራ የዋጠው ልጆች ናቸው። ወደ ባሕሩ የሚሄዱ፣ ከባሕሩ ማዶ ሥራ አለ የተባሉ። ሸሚዛቸውን ታጥብላቸዋለች፤ እስኪደርቅ ደረታቸው ራቁቱን ሆኖ ግድግዳ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ሰማያዊ ልባስ ያለውን ደብተሯን ታወጣለች።

«ስም?»

«አበሩ።»

«የአባት ስም? የት አገር? ማነው የሚያሻግርህ?»

«እትዬ፣ ቀበሌ ሆንሽ እንዴ?»

«ቀበሌ ብሆን መታወቂያ እሰጥህ ነበር። የእናትህን ስልክ ንገረኝ።»

«እናቴ ስልክ የላትም። የባለሱቁ ነው። ‘የአበሩን እናት ጥሩልኝ’ ካላሉት ደግሞ አይጠራትም፣ ሰነፍ ነው።»

«የአበሩን እናት ጥሩልኝ» ብላ እሱንም ጻፈችው። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ከማዶ የደወለ ልጅ ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግለታል። ያልደወለ ባዶ ይቆያል። ጀልባ ሰጠመ የተባለ ሰሞን እትዬ ሰብሌ ደብተሯን በጉያዋ ይዛ ስልክ ቤት ትሄዳለች፤ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነው። እኔ ጉንፋን ይመስለኝ ነበር። እነዚያ ልጆች በሙሉ ዘመዶቻችን እንደሆኑም አምን ነበር። አባቴ «እንግዳ የማያጣው ቤት የተከበረ ቤት ነው» ሲል ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በከተማው ውስጥ የእትዬ ሰብሌን ያህል የተከበረ ሰው የለም።

ከሚመጡት ውስጥ ጋሼ ከበበውም ነበር። እሱ መንገደኛ አይደለም፤ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ሽቶ ይቀባል፣ ለመንገደኞች መኪናና ጀልባ ይፈልግላቸዋል። በእኔ ዓይን ደግ ሰው ነበር። አንድ ቀን ማንጎ ይዞ መጣ።

«ሰብሌ፣ ይሄ ጽሕፈት ዓይንሽን ይጨርስብሻል» አላት። «ተይው።»

«ለዓይኔ ከመቼ ወዲህ አሰብክ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ባንተ በኩል ከሄዱት አሥራ አንዱ አልደወሉም፣ ከበበው። እናቶቻቸው እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

ጋሼ ከበበው ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «ልጅቷ ማንጎ ትወዳለች?» አለ። እወድ ነበር። ቁጭ ብዬ እስከ ክርኔ እየተጨማለቅኩ በላሁት፤ ለአክስቴ ዓይን የሚጨነቅ ሰው መኖሩም ደስ አለኝ።

ከዚያ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እትዬ ሰብሌ ክፍሏ ውስጥ ሞታ ተገኘች። በራሷ ካውያ ነው የመቷት። ይህን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ቀን የነገሩኝ «ወደቀች» ብለው ነው። ፖሊሶች ደብተሩን በላስቲክ ከረጢት ከተው ወሰዱት። ጎረቤቷ ዓለምነሽ ሌሊቱን ጋሼ ከበበው ከግቢው ሲወጣ አይታው ነበር። ይህንኑ ልትናገር ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ስለ ከበበው ከመጠየቃቸው በፊት የመኖሪያ ፈቃዷን ጠየቋት። አልነበራትም። በማግስቱ ከሌሎች ጋር በካሚዮን ጭነው ድንበሩ ላይ አራገፏት። እኔ ዓለምነሽ አገሯ ለበዓል የሄደች መስሎኝ «ለኔ ምን ታመጣልኝ ይሆን?» እያልኩ እጠብቃት ነበር።

በሠልስቱ ዕለት ከፍርድ ቤቱ ሰው መጣ። ለቅሶ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ሰውየው የዳኛው ተላላኪ ነበር። ግቢው ታሽጎ እንደሆነ፣ ካልታሸገ ደግሞ የዳኛውን አምስት ሸሚዞች ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

አባቴ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። እናቴ ግን «ይቻላል፣ ይቻላል» አለች። በዚያው ቀን አረንጓዴ ክር ያለባቸውን አምስት ሸሚዞች ከሽቦው ላይ ለቅማ፣ ከጎረቤት ካውያ ተውሳ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ለቀስተኛው እያየ ተኮሰቻቸው። እንባዋ ሲንጠባጠብ ውሃ መርጨት እንኳ አላስፈለጋትም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ኩራት ተሰማኝ። የእኛን ካውያ የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈርድልን አልኩ። እናቴም ያሰበችው ይህንኑ ነው ብዬ አስባለሁ፤ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ እሷ ግን ሌላ የምታስበው አልነበራትም።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሦስት ጠዋት ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። አባቴ አልመጣም፤ ሥራ ከቀረ ሌላ ሹፌር በቦታው ይገባል። እናቴ በየቀኑ ያንኑ ጥቁር ቀሚስ እየለበሰች፣ እኔ የትምህርት ቤት ሰማያዊ ሽርጤን አጥልቄ፣ ጀርባችን ከግድግዳው ቀለም ጋር እየተጣበቀ እንጠብቃለን። አማርኛ አስተርጓሚ ይመጣል ተብሎ ነበር። አይመጣም። እኩለ ቀን ሲቃረብ የቢሮዎቹ በሮች በየተራ ይቆለፋሉ፤ ጫት የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ ማንም ማንንም አይሰማም። «ነገ ኑ።»

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ከበበው መጣና እኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እሱንም ጠርተውት ነበር። በዚያ ኮሪደር ውስጥ ሌላ መቀመጫ አልነበረም። የገዳይና የሟች ቤተሰብ በአንድ አግዳሚ ላይ፣ በመሐላቸው አንዲት ልጅ። እንዲህ አድርጎ ያስቀመጠን ሰው ክፉ አልነበረም፤ አላሰበበትም። ዛሬ ይቅር የማልለው እሱን ነው፣ አለማሰቡን።

ጋሼ ከበበው ከረጢቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አውጥቶ ሰጠኝ። ጠርሙሱ ላብ አልቦታል። አፌ ጋ ሳላደርሰው እናቴ ጠርሙሱን በጥፊ መትታ ጣለችው፤ ተንከባልሎ ተቃራኒው ግድግዳ ጋ ቆመ። በሕይወቴ እናቴ እንደዚያ ያፈርኩባት ቀን የለም። ተነሥቼ ሄድኩ፣ ጠርሙሱን አነሣሁ፣ በሁለት እጄ መለስኩለት።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አልኩት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለኝ። «ኀዘን ነው።»

ያኔ በሩ ተከፈተና የዳኛው ጸሐፊ ሙኒራ ብቅ አለች። ዛሬም አስተርጓሚ እንደሌለ ነገረችን። ከዚያ ሽርጤን አየች።

«አንቺ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ?» አለችኝ በፈረንሳይኛ።

«አዎ፣ እመቤት። ከክፍሌ ሁለተኛ ነኝ።»

«በጣም ጥሩ። ግቢና ለእናትሽ ንገሪያት።»

ክፍሉ እንደ ማቀዝቀዣ ነበር። ዳኛው ወፍራም፣ ንጹሕ፣ የዋህ ፊት ያለው ሰው ነው። ሲጎነበስ ከኮሌታው ውስጥ አረንጓዴው ክር ታየኝና ልቤ በደስታ ዘለለ። እናቴ የተኮሰችውን ነው የለበሰው። ጠረጴዛው ላይ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ አንዱ ላይ የእትዬ ሰብሌን እግር አየሁ፣ ነጠላ ጫማዋ ከአውራ ጣቷ ወልቆ። ሙኒራ በእጇ ገለበጠችው። ደብተሩም እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ነበር።

እናቴ «ስለ ከበበው ንገሪው» አለችኝ ገና ሳንቀመጥ።

«መጀመሪያ እሱ ይጠይቃል፣ እማዬ። ሥርዓት አለው።» ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ነበራት ወይ አለ። እናቴን ጠየቅኳት፤ ማመልከቻ ላይ ነበረች አለች፤ ነገርኩት። ባል ነበራት ወይ? አልነበራትም። ዳኛው ሰዓቱን አየ። ከዚያ በቀጥታ እኔን አየኝ።

«ልጄ፣ አክስትሽ ቤት ወንዶች ይመጡ ነበር?»

ይህን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። የማውቀው ጥያቄ መጣልኝ።

«አዎ፣ ምሲዩ። ብዙ። በየቀኑ።»

«ያድሩ ነበር?»

«አንዳንዶቹ።» ትኩሳት የያዛቸውን ግቢው ውስጥ ታስተኛቸው ነበር።

«ልብሳቸውን ያወልቁ ነበር?»

«አዎ፣ እስኪታጠብ።»

ሙኒራ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትመታለች። ዳኛው ከረጢቱን በጣቱ ነካ አደረገ። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«የሚመጡት ሰዎች ስም ነው። የሁሉንም ትጽፋለች።» እንዴት ያለች ጠንቃቃ ሴት እንደነበረች እንዲያውቅ ፈልጌ ነበር።

ዳኛውና ሙኒራ ተያዩ። ሙኒራ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። እኔም ፈገግ አልኩ፤ የሚወዷት መሰለኝ።

«ምንድን ነው የሚልሽ?» አለች እናቴ።

«ስለ እትዬ ሰብሌ እንግዶች ነው። ነገርኩት።»

«እሺ፣ አሁን ስለ ከበበው ንገሪው። ስሙ ደብተሩ ላይ አለ በይው።»

«ምሲዩ፣ የጋሼ ከበበውም ስም ደብተሩ ላይ አለ» አልኩት።

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ» አለ።

እናቴ ራሱን ሲነቀንቅ አይታ ትንፋሿን ለቀቀች። ሙኒራ ወረቀቱን ከመኪናው መዝዛ እናቴ ፊት አኖረችው፤ እናቴም የማታነበው ነገር ሥር በላቲን ፊደል ስሟን በቀስታ ፈረመች። ፊርማውን ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። ስንወጣ ዳኛው ከኪሱ ሰማያዊ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝ። ለጎበዝ ተማሪ፣ አለኝ። ኮሪደሩ ላይ እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» አለችኝ።

ያን ዓመት ሁሉንም ፈተና የጻፍኩት በዚያ እስክሪብቶ ነው።

ያኔ ፍርድ ቤት ምን እንደሆነ ለራሴ የገባኝ እንዲህ ነበር፤ የሞተ ሰው ደግ ይሁን ክፉ የሚመረመርበት ቤት። ሁሉም ጥያቄ ስለ እትዬ ሰብሌ ስለነበረ ተከሳሿ እሷ መሰለችኝ። ስለዚህ እሷን ለማስመስገን ታገልኩ። በሌላው ሁሉ ተሳስቻለሁ፤ በዚህ ግን አልተሳሳትኩም። ተከሳሿ እሷ ነበረች።

ጋሼ ከበበው ዕለቱን ቃሉን ሰጥቶ ቤቱ ገባ። በአርባዋ ዕለት መጥቶ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠ፣ በላ፣ አለቀሰ። ሲሄድ እናቴ የበላበትን ሳህን ግቢ አውጥታ በድንጋይ ሰበረችው። ኀዘን ነው አልኩ በልቤ፤ እሱ እንዳለው። እናቴ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሰኞ ፍርድ ቤት ትሄድ ነበር። ዶሴው ተዘግቷል ብሎ የነገራት ሰው የለም። ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ በሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች «ነገ ነይ» ሲሏት ቆይተው፣ አንድ ቀን አንዱ ሰለቸውና «ይሄ ነገርማ ድሮ አልቋል» አላት። ደብተሩን ስጡኝ፣ የሰው እናቶች ይጠብቃሉ አለች። ማስረጃ ስለሆነ አይሰጥም ተባለች። ክሱ አልቋል፣ ማስረጃው ግን አሁንም ማስረጃ ነው።

እናቴ አምና ሞተች። በሕመሟም፣ በጤናዋም፣ ዳኛው ጉቦ በልቶ ነው ትል ነበር። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

ከቀብሯ በኋላ ቦርሳዋ ውስጥ ፍርድ ቤቱ ያኔ የላከላትን የመጥሪያ ወረቀት አገኘሁት፤ እጥፋቱ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። የዶሴው ቁጥር ነበረበት። ጥበብን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ የሚደርስብኝን ክፉ ነገር ሁሉ በመንገድ ላይ አስቤ ጨርሼ፣ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሱፊያን የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ዶሴውን ፈልጎ አመጣልኝ። ግማሽ ሰዓት ማየት ይቻላል፣ ኮፒ አይፈቀድም አለኝ።

ዶሴው ከጥበብ ደብተር ይቀጥናል። ሦስተኛው ገጽ ላይ በሙኒራ መኪና የተመታው እንዲህ ይላል፤ ሟቿ በርካታ ወንዶችን በየቀኑ በቤቷ ትቀበል፣ ታሳድርና ስማቸውን በመዝገብ ትይዝ እንደነበር የገዛ ቤተሰቧ አረጋግጧል። ተጠርጣሪው ከበበው ከእነዚሁ ደንበኞች አንዱ መሆኑን ቤተሰቧ ገልጿል። ከመካከላቸው ድርጊቱን የፈጸመውን ለይቶ ማወቅ አልተቻለም። ከሥሩ የእናቴ ፊርማ፤ ጠማማ፣ ጥንቁቅ፣ እኔ ያስተማርኳት።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አፌ ውስጥ የማንጎ ጣዕም መጣ። ሱፊያን ውሃ ልስጥሽ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩት።

ደብተሩ ከዶሴው ጋር ነበር። ከረጢቱ ላይ ያለው ማኅተም እንደተለጠፈ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም አልከፈተውም። አማርኛ የሚያነብ ሰው አንድ ቀን አስጠርተው ቢሆን ኖሮ፣ ገጹን ገልጦ ቢሆን፣ በአሥራ አንድ ስም ፊት «የሚያሻግረው፦ ከበበው» የሚለውን ያገኝ ነበር፤ አጠገቡም ባዶውን ቦታ።

«ልክፈተው?» አልኩት ሱፊያንን።

«ማኅተሙ ከተቀደደ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«ጠያቂ አለው እንዴ?»

አፈረ። «ደንቡ ነው» አለ።

«ይሄ ቃል ስህተት ነው። ማስተካከል እፈልጋለሁ። የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ጊዜው አልፏል። አሁን የሚነካ የለም።» ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ አነበበ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እንደገና ወረቀቱን። «ይሄ... ፈራሚዋ አንቺ ነሽ?»

«እናቴ ናት። እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ።»

በጣቴ አሳየሁት። ከገጹ አናት ላይ እንዲህ የሚል መስመር አለ፤ አስተርጓሚ፦ ጸደንያ ዓለምሰገድ። ከጎኑ፣ ሙያ፦ ተማሪ። ከዚያ ቀጥሎ ዕድሜ ይላል። ዕድሜ በሚለው ፊት ሙኒራ ቁጥር አልመታችም፤ ሰረዝ ብቻ ናት። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም አይተውኛል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ይሄ ቁጥር ከተጻፈ ወረቀቱ ዋጋ እንደማይኖረው ያውቅ ነበር።

ከውጭ የበሮች መቆለፍ ተሰማ። እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ጥበብ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው፤ ዘግይቻለሁ፤ በር ላይ ብቻዋን ቆማ፣ የማታውቀው ሰው ውሃ ሲሰጣት ታየኝ።

«ግማሽ ሰዓቱ አልቋል» አለ ሱፊያን በቀስታ።

«እስክሪብቶ አለህ?»

ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቀኝም። ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሣና፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ የተዘጋውን መስኮት ይዘጋ ጀመር።

ሰረዟ ላይ፣ ደምቆ እንዲታይ ሁለት ጊዜ አስረግጬ፣ 9 ብዬ ጻፍኩ።